በፊልም ያየነው የሰይፍ ስልት በእውን ይሠራል ወይ? ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሳበር የሚባለውን የስፖርት ሰይፍ የተማርኩት ለትምህርት ውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ነው። ወደ ሐዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ብዙ ሳንርቅ፣ ከጥቂት ወጣቶች ጋር በእንጨት ሰይፍ እንለማመዳለን። የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ማየታቸው፣ አይተውም «ይኼማ ፊልም ላይ እንዳለው አይደለም» ማለታቸው አልቀረም። ክርክሩ ልምምዱን እስከ ማቋረጥ ስለደረሰ፣ ጥያቄ ያለው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጠይቄ የመጡትን ከጠያቂዎቹ ክፍለ ከተማ ጋር እዚህ አስፍሬአቸዋለሁ። መመዘኛዬ አንድ ነው፤ ስልቱ ማማሩን ወይም እንግዳ መምሰሉን ትቼ፣ ተዋጊው በዚያች ቅጽበት ለባላጋራው በነጻ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፣ ከታቦር፦ ጋሼ፣ ወደ አማርኛ በተመለሱት የቱርክ ድራማዎች ላይ ጀግናው ተሽከርክሮ ሲመታ ባላጋራው ሁልጊዜ ይወድቃል። እኛ በዱላ ሞክረን አንድም ጊዜ አልተሳካልንም። ያጎደልነው ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ እናንተ ምንም አላጎደላችሁም፤ የጎደለው ቆሞ የሚጠብቃችሁ ባላጋራ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው ዓይኑ ያየውን ተረድቶ እጁን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር ሩብ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ሙሉ ዙር ለመሽከርከር ግን በጣም ቀልጣፋው ሰው እንኳ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል፤ ከዚያች ግማሽ ሰከንድም ጥቂት የማይባለውን ክፍል የሚያሳልፈው ባላጋራውን ሳያይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሰይፉንም ከመከላከያው መስመር አውጥቶ ነው። ባላጋራው በዚያ ጊዜ ማድረግ ያለበት እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መራመድ ብቻ ነው።

የመሽከርከሩ ምክንያት ኃይል ለመጨመር ነው የሚሉ አሉ። ሆኖም ሰይፍ እንደ መጥረቢያ በክብደቱ የሚፈልጥ መሣሪያ አይደለም፤ የተሳለ ስለት ልብስንና ሥጋን ለመቁረጥ ከትከሻና ከወገብ የሚመጣው ተራ ጉልበት ይበቃዋል፤ ስለዚህ በመሽከርከር የተጨመረው ኃይል ያልተፈለገ፣ የተከፈለበት ዋጋ ግን ሕይወትን የሚያህል ነው።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ የራሳችን ፉከራ ትዝ ይለኛል። ፎካሪው ይዘላል፣ ይንጎራደዳል፣ ጎራዴውን በአናቱ ላይ ያዞራል፣ ግዳዩን ይቆጥራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን ከውጊያ በፊት ወኔ ለማነሣሣት ወይም ከድል በኋላ በአለቃ ፊት ነው፤ ጠላት ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ቆሞ ሳለ የሚፎክር ማንም የለም። የፊልም ሠሪዎች ያደረጉት ነገር ቢኖር ፉከራውን ወስደው ውጊያው ውስጥ መክተት ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

ጥያቄ፣ ከመናኸሪያ፦ ታዲያ ፊልም የሚሠሩት ሰዎች ይህን አያውቁም ማለት ነው?

መልስ፦ ከእኔም ከአንተም በላይ ያውቃሉ። በብዙ ታዋቂ ፊልሞች ላይ የሰይፍ ውጊያውን ያቀናበረው ቦብ አንደርሰን በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ለብሪታንያ በሳበር የተወዳደረ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ ተዋናዮችን ሲያሠለጥን ሆን ብሎ ስልቱን ይገለብጠዋል። በእውነተኛ ፍልሚያ ምት የሚሰነዘረው ወደ ሰውየው ሲሆን፣ ከመሰንዘሩ በፊትም ምንም ምልክት እንዳይታይ ይደረጋል። በፊልም ግን ምቱ የሚሰነዘረው ወደ ባላጋራው ሰይፍ ነው፤ እጅ ወደ ኋላ በሰፊው ይሳባል፤ ይህም ሌላው ተዋናይ አይቶ በጊዜ እንዲመክት፣ ከኋላ የተቀመጠው ተመልካችም ምን እንደተደረገ እንዲገባው ነው። አንዱ ስልት ለመደበቅ፣ ሌላው ለመታየት የተሠራ ስለሆነ፣ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። የፊልሙ ውጊያ ለደቂቃዎች የሚዘልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወደ ሰው ያልተሰነዘረ ምት እንዴት ሰው ይጥላል? በሳበር ውድድር ላይ ዳኛው «ጀምሩ» ካለበት እስከ ነጥቡ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች የሚቆጠር ነው።

ጥያቄ፣ ከዚያው ከመናኸሪያ፦ ሰይፍ ከአፎቱ ሲመዘዝ የሚሰማው «ሺንግ» የሚል ድምፅስ?

መልስ፦ የድምፅ ባለሙያው ሥራ ነው። አፎት በአብዛኛው ከቆዳ ወይም ከእንጨት ይሠራል፤ ቆዳና እንጨት ደግሞ ብረትን አያስጮኹም። በ19ኛው መቶ ዘመን ወታደሮች የታጠቁት የብረት አፎት ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ስለቱን የሚያደነዝዝ በመሆኑ ግን ቅሬታ እንጂ ምስጋና አላተረፈም።

ጥያቄ፣ ከሀይቅ ዳር፦ ሰይፉን በጀርባው አንግቶ በትከሻው ላይ የሚመዝ ጀግና አለ። እኔ በመጥረጊያ እንጨት ሞክሬው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

መልስ፦ የመጥረጊያው እንጨት እውነቱን ነግሮሃል። ከትከሻ እስከ ጡጫ ያለው የክንድ ርዝመት በብዙ ሰው ላይ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የረጅም ሰይፍ ብረት ግን 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እጅህ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶም ሃያ ሴንቲ ሜትሩ አፎት ውስጥ ይቀራል። በጀርባ አንግቶ መንገድ መሄድ ይቻላል፤ ለውጊያ ሲሆን ግን አውርዶ መምዘዝ ያስፈልጋል። በፊልም የምታየው አፎት ወይ ጎኑ ተቀዶ የተከፈተ ነው፣ ወይም ካሜራው በመሃል ተቆርጦ ሰይፉ ተመዝዞ ካለበት ቦታ ይቀጥላል።

ጥያቄ፣ ከምሥራቅ፦ ወንድሜ «ሰይፍ አሥር ኪሎ ይመዝናል፣ ለሴት አይሆንም» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ሰይፍን ከመዶሻ ጋር አምታቶታል። በሁለት እጅ የሚያዘው የአውሮፓ ረጅም ሰይፍ ከ1 ኪሎ ከ100 ግራም እስከ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ይመዝናል። የጃፓኑ ካታና ከአንድ ኪሎ ትንሽ ፈቅ ያለ ነው፤ ለውድድር የሚያዘው ሳበር ደግሞ በደንቡ ከ500 ግራም እንዳይበልጥ የተወሰነ ነው። ከገበያ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘሽ ከተመለስሽ ሰይፍም ያዝሽ ማለት ነው፤ የሚያደክመው ክብደቱ ሳይሆን የተዘረጋውን ክንድ ዘርግቶ ማቆየቱ ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት የአውሮፓ የሰይፍ ማስተማሪያዎች ሁሉ ጥንታዊ የሆነውና በ1300 እ.ኤ.አ. አካባቢ በጀርመን አገር የተዘጋጀው የብራና ጽሑፍ፣ በመጨረሻዎቹ ገጾቹ ላይ ቫልፑርጊስ የተባለች ሴት ሰይፍና ትንሽ ክብ ጋሻ ይዛ ስትፋለም በሥዕል ያሳያል። ይህን ለወንድምሽ አሳይው።

ጥያቄ፣ ከአዲስ ከተማ፦ አንድ ጨዋታ ላይ ባላባቱ የራሱን ሰይፍ ብረቱ ላይ በባዶ እጁ ይዞ በእጀታው ይመታል። ይኼ የሰነፍ ፈጠራ መሆን አለበት፤ እጁ አይቆረጥም?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው፤ ምክንያቱም የማይመስለው እውነት፣ የሚመስለው ግን ሐሰት ሆኖ የሚገኝበት ቦታ ይህ ስለሆነ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኖረው ጣሊያናዊ መምህር ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪ፣ ከእሱም በኋላ የመጡት የጀርመን መምህራን፣ ብረቱን በእጅ ይዞ መዋጋትን በሥዕል አስተምረዋል። ስለት የሚቆርጠው ሲንሸራተት ወይም በፍጥነት ሲያርፍ ነው፤ ብረቱ በመዳፍና በጣቶች መካከል ጥብቅ ብሎ ተይዞ እስካልተንሸራተተ ድረስ እጅ ሳይቆረጥ ሊቆይ ይችላል፤ ጓንት ከተጨመረ ደግሞ አደጋው ይበልጥ ይቀንሳል። (በተሳለ ቢላዋ ማድ ቤት ገብቶ ይህን ለመሞከር የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ አደራ፣ አይሞክር።)

ይህን የሚያደርጉት ለምን ነበር ስንል መልሱ ጥሩር ነው። ከራስ ቁር እስከ እግሩ በብረት የተሸፈነን ሰው ሰይፍ አይቆርጠውም። በፊልም ብረት ለበስ ወታደሮች እንደ ሸንኮራ አገዳ ሲቀነጠሱ የምናየው ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ ብረቱ ሰይፉን የሚያነጥር ባይሆን ኖሮ ያን ያህል ወርቅ አውጥቶ የሚያሠራው፣ ተሸክሞትም የሚዞር ሰው አይገኝም ነበር። ስለዚህ ተዋጊው ግራ እጁን ወደ ሰይፉ ወገብ አምጥቶ ሰይፉን እንደ አጭር ጦር ያደርገውና ጫፉን በብብት፣ በክርን መታጠፊያ ወይም በፊት መከለያው ክፍተት ያስገባዋል፤ ወይም ገልብጦ ይዞ በእጀታው መስቀል እንደ መዶሻ ይመታበታል። ሌላም ልጨምር፦ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተጻፈ አንድ የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ተዋጊው የሰይፉን እጀታ ጉልላት እንደ ቡሎን ፈትቶ በባላጋራው ላይ እንዲወረውር ይመክራል። ይህን ፊልም ላይ ብናየው «ወይ ጉድ፣ ምን ያልፈጠሩት አለ!» ባልን ነበር።

ጥያቄ፣ ከባህል አዳራሽ፦ የእኛ ሾተል እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። አጎቴ ለጌጥ እንጂ ለውጊያ አይሆንም ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የአጎትህን ሐሳብ ብዙ የውጭ ተጓዦችም ጽፈውታል፤ ሾተል ለመምዘዝም ለመመከትም አስቸጋሪ ነው ብለዋል። እነሱ ግን የመዘኑት ሰይፍን ብቻውን ይዞ በሚፋለም ሰው ዓይን ነው። አበሻው ተዋጊ ግራ እጁ ላይ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻ ነበረው፤ መመከት የጋሻው ሥራ እንጂ የሾተሉ አልነበረም። በዚህ መልኩ ሥራው ሲከፋፈል፣ የሾተሉ መቆልመም ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ጥቅም ይሆናል። ቀጥ ያለ ሰይፍ የባላጋራው ጋሻ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የተቆለመመው ግን ጠርዙ ላይ ቢያርፍም ጫፉ ዞሮ ከጋሻው ኋላ ያለውን ትከሻ ወይም ጎን ያገኛል። በሁለቱም በኩል የተሳለ መሆኑም በመልስ ምት ለመቁረጥ ያገለግላል።

የአታጣጠቁም ነገር ትምህርት አለው። አውሮፓዊው ቀኝ እጁን ለመጠቀም ሰይፉን በግራ ጎኑ ሲታጠቅ፣ የእኛ ሰው በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር። ፊልም ያየ ሰው ስሕተት ሊመስለው ይችላል። ግራ ክንዱ ሰፊ ጋሻ ተሸክሞ ሳለ ቀኝ እጁን በሆዱ ላይ አሻግሮ በግራ ጎኑ ያለውን ሰይፍ ለመምዘዝ የሞከረ ሰው ግን የአታጣጠቁን ምክንያት ወዲያው ይረዳዋል፤ እኛ በምጣድ ክዳን ሞክረነዋል፣ ክዳኑ ላይ ጥሩ ጭረት ቀርቷል።

በዘመነ ምኒልክ ከታጠቁት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ብረታቸው ከአውሮፓ የመጣ ሲሆን፣ በላዩም አንበሳና የግዕዝ ጽሑፍ እየተቀረጸ ይላክ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጎራዴው የወረደው ግን ከጠብመንጃው ጎን ለጎን ነው፤ ቲያትሮቻችን ጎራዴውን ብቻ ሲያሳዩ የጦርነቱን መልክ ያዛባሉ ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፣ ከታቦር፦ ወደ እግር የተሰነዘረን ሰይፍ ዘሎ ማሳለፍ ይቻላል? ቴኳንዶ እሠራለሁ፤ ዝላይ አያስቸግረኝም።

መልስ፦ መዝለልህን አልጠራጠርም፤ ዘለህ አየር ላይ ሳለህ ግን አቅጣጫ መቀየር አትችልም፣ የምታርፍበትን ቦታ ባላጋራህ አስቀድሞ ያውቀዋል። ከዝላይ የሚሻል ነገር አለ። ግድግዳ ፊት ቆመህ እጅህን በትከሻህ ትክክል ዘርጋው፤ ከዚያ ሳትጎነበስ ወደ ጉልበትህ አውርደው፤ የጣቶችህ ጫፍ ከግድግዳው ይርቃል። ሰይፍም እንዲሁ ነው፤ ወደ እግር የሚሰነዝር ሰው ርዝመት ያጣል። ስለዚህ ፊት ያለውን እግር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስበህ፣ በዚያው ቅጽበት ወደ ጭንቅላቱ ብትሰነዝር፣ የእሱ ሰይፍ ሳይደርስብህ ያንተ ይደርስበታል። ይህን ሐሳብ ፊዮሬም አስተምሮታል።

ይህ ሁሉ ግን ለሁለት ሰው ፍልሚያ ነው። በ1361 እ.ኤ.አ. በስዊድን ጎትላንድ ደሴት፣ ቪስቢ ከተማ አጠገብ በተደረገው ውጊያ የሞቱት ሰዎች መቃብር ተቆፍሮ አፅማቸው ሲመረመር፣ ብዙ ቁስል የተገኘው በእግራቸው ላይ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቆ ለቆመ፣ ላይኛው አካሉን በጋሻና በጥሩር ለሸፈነ ሰው፣ እግሩን ወደ ኋላ የሚስብበት ቦታም ሆነ ከፊቱ የሚመጣውን ሁሉ የሚያይበት ዓይን አይኖረውም። አንድ ስልት ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ የት ቦታ፣ ከስንት ሰው ጋር የሚለውን ካልጨመረ መልስ የለውም።

ጥያቄ፣ ከቱላ፦ እንግዲያው አንድ ሰው አሥር ሰው ማሸነፍ ይችላል?

መልስ፦ አሥሩ ፊልም ላይ እንዳሉት ተራ ጠብቀው አንድ በአንድ ከመጡለት ይችላል። በአንድ ጊዜ ከመጡ ግን ሁለቱ እንኳ ይበቁታል፤ አንዱን ሲመክት ሌላው ከጎን ይገባል። ከብዙ ሰው ጋር ለመጋፈጥ ታስቦ የተሠራ ሰይፍ ግን በእርግጥ ነበር። ፖርቱጋሎች ሞንታንቴ ይሉት የነበረው፣ ቁመቱ የሰው ቁመት የሚያህል የሁለት እጅ ሰይፍ ነው። ዲዮጎ ጎሜዝ ዴ ፊጌይሬዶ በ1651 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሰይፍ የጻፋቸው ደንቦች ጠባብ መንገድ ላይ ከፊትና ከኋላ የተከበበ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ አብራው ያለችን ሴት እንዴት እንደሚጠብቅ ይዘረዝራሉ። ከላይ ያወገዝኩትን መሽከርከር ፍርድ ቤት ይግባኝ ቢል የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው፤ ባለ ሞንታንቴው ሰይፉን ሳያቋርጥ በሰፊው እያዞረ፣ አብሮትም እየዞረ ይራመዳል። ዓላማው ግን መግደል አይደለም፤ ማንም እንዳይጠጋው አድርጎ ማምለጫ መክፈት ነው።

ጥያቄ፣ ከመሃል ከተማ፦ ካታና ሌላ ሰይፍ ለሁለት ይቆርጣል? ደግሞስ በሁለት እጅ ሁለት ሰይፍ መያዝ?

መልስ፦ አይቆርጥም። ካታና ብዙ ጊዜ እየታጠፈ መቀጥቀጡ ተአምር የሚፈጥር ይመስላል፤ አሥር ጊዜ የታጠፈ ብረት 1,024 ድርብ ይኖረዋል፤ ይህ የተደረገው ግን ቆሻሻውን ለማስወጣትና በውስጡ ያለውን ካርቦን በእኩል ለማዳረስ ነው። ስለቱ እጅግ የጠነከረ በመሆኑ ከሌላ ብረት ጋር ሲጋጭ ይሸረፋል። ሁለት ሰይፍ ግን እውነት ነው፤ በ1645 እ.ኤ.አ. የሞተው ጃፓናዊው ተዋጊ ሚያሞቶ ሙሳሺ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሰይፍ ይዞ የመዋጋትን ትምህርት አቋቁሟል፤ በአውሮፓም በግራ እጅ ጩቤ መያዝ የተለመደ ነበር። በሁለቱም ዘንድ አንደኛው አጭር መሆኑን ልብ በል፤ አጭሩ ይመክታል፣ ረጅሙ ይመታል።

ጥያቄ፣ ከሀይቅ ዳር፦ የመጣን ሰይፍ በሁለት መዳፍ አጨብጭቦ መያዝስ?

መልስ፦ ትንኝ በዚህ መንገድ መያዝ እንኳ ስንቴ ያቅተናል!

ጥያቄ፣ ከታቦር፦ መምህር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከሶፋ ላይ እየዘለለ ታናሽ እህቱን በእንጨት ይመታል። እርስዎ ናቸው ያስተማሩት እየተባለ ነው።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ከሶፋ መዝለልን እንዳላስተማርኩ ከላይ የጻፍኩት ምስክሬ ነው። እንጨቱን ይቀሙት፤ በምትኩ ወፍራም ስፖንጅ በፕላስተር የተጠቀለለበት ቀላል ዘንግ ይስጡት፤ ዓይን ሳይሸፈን ግን በእሱም ቢሆን ፊት ላይ መሰንዘር ክልክል ነው። ቅዳሜ ቢያመጡት ደስ ይለኛል፤ የመጀመሪያውን ወር ሰይፍ ሳይዝ እርምጃ ብቻ ስለምናስተምረው፣ ፍላጎቱ ከልብ መሆን አለመሆኑን በዚያው ያውቃሉ።

ጥያቄ፣ ከምሥራቅ፦ በፊልም የተወጋ ሰው ወዲያው ይወድቃል፤ በእውን እንዲያ ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ሆዱን ወይም ሳንባውን የተወጋ ሰው ከመውደቁ በፊት ለብዙ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ መቆምና እጁን ማንቀሳቀስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መልሶ ከመውጋት የሚያግደው ነገር የለም። ወደ ዝነኞቹ ፍልሚያዎች ብንሄድ ሁለቱም ቆስለው ወይም ሁለቱም ሞተው የተጠናቀቁ ጥቂት አይደሉም። የድሮ መምህራን ከምቱ እኩል አድርገው ያስተማሩት ከምቱ በኋላ ያለውን አወጣጥ ነበር፤ ሰይፉን በባላጋራው እጅ አቅጣጫ እንደያዙ፣ ዓይንን ሳይነቅሉ ወደ ኋላ መራመድን ማለት ነው። እኛ ጋ አዲስ የመጣ ልጅ ነጥብ ሲያገኝ ሰይፉን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ይስቃል። ነባሮቹ በዚያች ቅጽበት ጎኑን በቀስታ ነካ ያደርጉታል፤ ሁለተኛ ቅዳሜ ላይ የሚዞር የለም።